በተቀረጸ ድምፅ ውስጥ አንድን ቃል ፈልጎ ስለ ማግኘት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ድካም አለ፤ ይኸውም ቀድሞ የተጻፈን ነገር ፈልጎ የማግኘት ድካም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድካም ወሰን አለው። ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው፤ ፋይል ስሙ በጀርባው ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ ይቆማል፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም ትጉህ የሆነ እንደሆነ የዛሬ ሃያ ዓመት የተጻፈው ማስታወሻ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ዓይንም ወረቀትን ሲቃኝ ፈጣን ነው፤ አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ አፍታ ያይና የሚሻው ቃል ካለበት መሥመር ላይ ይቆማል።

የድምፅ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጆሮ ገጽ መግለጥ አይችልም። አንድ ሰዓት የተነገረውን ለመስማት አንድ ሰዓት፣ መቶ ሰዓት የተነገረውን ለመስማት መቶ ሰዓት ያስፈልጋል። የሚፈለገው ነገር አንዲት ቃል ብትሆንም ያች ቃል በየትኛው ደቂቃ እንደ ተነገረች ካልታወቀ በቀር ከመጀመሪያው ጀምሮ ከማድመጥ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። «አልነበረም» ያልሁት ስለ ምክንያት ነው፤ አሁን ሌላ መንገድ እየተገኘ መጥቷልና። በዛሬው ንግግሬ የማቀርብላችሁ ስለዚሁ መንገድ፣ በተለይም መንገዱ ለአማርኛችን ምን ያህል የተጠረገ እንደ ሆነ ነው።

ስለ ድምፅ ሲነገር አቃቂን ሳይጠሩ ማለፍ አይገባም። በአገራችን የመጀመሪያው የሬዲዮ ማሠራጫ ጣቢያ የተተከለው በዚያ ነው። አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ሥራውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ተዋዋለ፤ ጣቢያውም በ1935 ለሥራ በቃ። ሠሪዎቹ የኢጣልያ ሰዎች ሲሆኑ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ስለ ኢጣልያ ወረራ ለዓለም አቤት ያለችው በዚሁ መሣሪያ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከባቡር ሐዲዱና ከፋብሪካዎቹ አጠገብ የሚያልፈው መንገደኛ ይህን ሁሉ አያስበውም፤ እኔ ግን በሙያዬ ምክንያት በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር አስበዋለሁ። በአየር ላይ የወጣ ድምፅ ካልተቀረጸ የትም አይገኝም፤ የተቀረጸም ቢሆን የት እንዳለ ካልታወቀ ካልተቀረጸው ብዙም አይሻልም።

ያለፈው ዘመን ችግር የመቅረጽ ችግር ነበር። መቅረጫው ውድ፣ ቴፑም ከባድ ነበረ። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ትንሿን ካሴት ካወጣ ወዲህ ግን ድምፅ መቅረጽ የማንም ሰው ሥራ ሆነ፤ የእጅ ስልክ ከመጣ በኋላማ ከልክ አለፈ። ስብሰባው ይቀረጻል፣ ሥልጠናው ይቀረጻል፣ የምስክር ቃል በችሎት ይቀረጻል፣ የሽማግሌ ጨዋታ በልጅ ልጁ ስልክ ይቀረጻል። ቀርጸን ቀርጸን መልሰን የምንሰማው ከመቶው አንዱን አይሆንም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

እንግዲህ አንድን ቃል ከዚህ ክምር ውስጥ ለማውጣት የሚያገለግለው የመጀመሪያው ዘዴ ጥንታዊው ነው፤ ድምፁን ሁሉ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ። ይህ የታመነ ዘዴ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በእኛ ሥራ እንዳየሁት የአንድ ሰዓት ንግግር በጥንቃቄ ለመገልበጥ ልምድ ላለው ጸሐፊ እንኳ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ሰዎች ባንድነት የተናገሩበት ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ለዚህ ሥራ የሚረዱ በነፃ የሚገኙ ሶፍትዌሮች አሉ። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፓውል ቡርስማና ዴቪድ ዊኒንክ የሠሩት ፕራት፣ በኔይሜኸን ከተማ ካለው የማክስ ፕላንክ የሳይኮሊንጉዊስቲክስ ተቋም የወጣው ኤላን፣ ሁለቱም ድምፁን እንደ ሥዕል በመስተዋቱ ላይ እየዘረጉ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ጽሑፉን ከነደቂቃው ለማስፈር ያስችላሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተሠራ በኋላ ቃሉን በፊደል ጽፎ መፈለግና በቀጥታ ወደ ተነገረበት ቦታ መሄድ ይቻላል። የቋንቋ ተመራማሪዎች ይወዷቸዋል። ነገር ግን የሰው ድካም ቀድሞ ካልገባበት ብቻቸውን የሚያደርጉት ነገር የለም።

ሁለተኛው ዘዴ መሣሪያው ራሱ እንዲያደምጥ ማድረግ ነው። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሰዎች ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች በድምፅ የሚለይ መሣሪያ የሠሩት በ1952 ነበር። የዛሬው አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። ድምፁ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካል፤ በስልክ መሥመር የመጣ እንደሆነ 8,000 ጊዜ፣ ጥራት ያለው እንደሆነ 16,000 ጊዜና ከዚያም በላይ። ከዚያ በኋላ በሰከንድ መቶ ያህል ቁራጭ እየተደረገ በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የወፍራሙና የቀጭኑ ድምፅ መጠን ይመዘናል። መሣሪያው ቀድሞ ብዙ ሰዓት ንግግር ከነጽሑፉ ተምሯልና እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ድምፅ ጋር እንደሚቀራረብ ይገምታል። ልብ በሉ፤ ይገምታል እንጂ አያውቅም። አንዱን ቦታ «በላ» ሊሆን ይችላል፣ «በራ»ም ሊሆን ይችላል፣ «ገላ»ም አይቀርም እያለ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። ብልሃተኞቹ መሣሪያዎች ከእነዚህ ግምቶች አንዱን ብቻ መርጠው ሌላውን አይጥሉትም፤ ሁሉንም እንደ መረብ አያይዘው ያስቀምጡታል፤ የመረቡንም ማውጫ ያዘጋጃሉ። ኋላ ሰው መጥቶ ቃሉን ሲጠይቅ ከማውጫው ላይ በዚህ ካሴት፣ በዚህ ደቂቃ፣ በዚህ ያህል እርግጠኝነት ተብሎ ይነገረዋል።

ክርክሩ ያለው ከዚህ «በዚህ ያህል እርግጠኝነት» ከሚለው ላይ ነው። ልኩን ከፍ ካደረጉት መሣሪያው ጥቂት ብቻ ያመጣል፣ ያመጣውም ትክክል ይሆናል፣ ብዙ ግን ያመልጠዋል። ዝቅ ካደረጉት የሚያመልጠው ይቀንሳል፣ ነገር ግን ያልተነገረውን ሁሉ ተነገረ እያለ ያደክማል። የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2006 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛና በቻይንኛ ይህን ዓይነት መሣሪያዎች ሲያወዳድር ሁለቱን ጥፋቶች ባንድነት የሚመዝን ነጥብ አወጣ። በዚያ ነጥብ ሁሉን አግኝቶ ያልተሳሳተ መሣሪያ 1 ያገኛል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ 0 ያገኛል፤ በሐሰት ጥቆማ ያሰለቸ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ይህ ለመሥሪያ ቤትም ሰው የማይከፋ የምዘና ዘዴ መስሎ ይታየኛል።

ሦስተኛም ዘዴ አለ፤ ይኸውም ፊደል ፈጽሞ የማይሻ ነው። ጠያቂው ቃሉን በአፉ ይናገራል፣ ወይም ከካሴቱ ላይ አንድ ጊዜ የተነገረበትን ቆርጦ ይሰጣል፤ መሣሪያውም ያን የመሰለ ድምፅ የት እንዳለ ይፈልጋል። አንዱ ሰው ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ ስለሚናገር አንዱን ድምፅ እንደ ላስቲክ እየሳቡና እያሳጠሩ ከሌላው ጋር ማስተካከል ያሻል፤ ጃፓናውያኑ ሳኮኤና ቺባ በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስሌት ለብዙ ዘመን ለዚህ አገልግሏል። በጽሑፍ ብዙ ላልበለጸገ ቋንቋ ይህ ዘዴ ትልቅ ረዳት ነው፤ ጉድለቱ የተናጋሪው ድምፅ ሲለወጥ፣ ይልቁንም የወንድ በሴት ሲተካ፣ መሳሳቱ ነው።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንድን ቃል ሲፈልግ ቃሉ ብዙ ልብስ አይለውጥበትም። የእኛ ግሥ ግን በየጊዜው ልብስ ይለውጣል። «ከፈለ» የሚለውን የሚፈልግ ሰው «ይከፍላል»ን፣ «አልከፈለችም»ን፣ «ስላልከፈሉ»ን፣ «የከፈልነው»ን፣ «እንዲያስከፍሉን»ን ሁሉ ማግኘት ይፈልጋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጸንተው የሚኖሩት ከ፣ ፈ እና ለ የተባሉት ሦስት ሥሮች ብቻ ናቸው። ስሙም ቢሆን ብቻውን አይሄድም፤ «ቤት» ሲሉት «ከቤታችን» ወይም «ለየቤቱ» ሆኖ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ መሣሪያው በትምህርቱ ጊዜ ያላየው ቃል ዘወትር ይገጥመዋል። የአገራችን ሊቃውንት ዶክተር ማርታ ይፍሩና ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ ከፈረንሳዊው ሎራን ቤሳሲዬ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ቃሉን በሙሉ ከማስተማር ይልቅ ወደ ትናንሽ ክፍሎቹ ከፋፍሎ ማስተማር ይህን ችግር እንዴት እንደሚያቃልል የሚመረምር ነው። ዶክተር ሰሎሞን ቀደም ብለውም፣ በ2005፣ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር መቶ ሰዎች ያነበቡትን የ20 ሰዓት ያህል የአማርኛ ንባብ አዘጋጅተው ለዚህ ሥራ መሠረት ጥለዋል። በ20 ሰዓት የተጀመረ ነገር ነው እንግዲህ።

ሁለተኛው ችግር ፊደላችን ጥብቀትንና ላላነትን የማያሳይ መሆኑ ነው። «ገና አልመጣም» እና «የገና ጨዋታ» በወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ በጆሮ ግን ሁለት ናቸው። «ዋና ጸሐፊ»ና «የዋና ልብስ»ም እንዲሁ። አስቂኙ ነገር ድምፁ ራሱ ልዩነቱን አጥርቶ ይዞት ሳለ ጥያቄው በፊደል ስለሚቀርብ መሣሪያው ሁለቱንም ደባልቆ ማምጣቱ ነው። ሦስተኛውም ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በድምፅ አንድ የሆነው በፊደል ብዙ ይሆናል። አንዱ «ሠራተኛ» ይላል፣ ሌላው «ሰራተኛ»፤ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ»። መሣሪያው በአንዱ ጽፎት እኛ በሌላው ብንጠይቀው የለም ይለናል። ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንዳንድ ፊደል መመለስ የተለመደ ሥራ ነው። በፊደል አጻጻፍ ጥብቅ የሆኑ መምህሮቼ ይህን ቢሰሙ እንደሚያዝኑ አውቃለሁ፤ መሣሪያው ግን ጽሑፉን እንዲያርም ሳይሆን ድምፁን እንዲያገኝ ነውና የተፈለገው ይፈቀድለት። አነጋገራችንም ቢሆን እንደ ጽሑፋችን አይደለም፤ «ምን አለ» ብለን የምንጽፈውን «ምናለ» እንለዋለን፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»ም በመንገድ ላይ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው።

በአማርኛ ንግግር ውስጥ ቃል ለመፈለግ ብዙ ገንዘብ ካወጡት አንዱ ማን እንደ ሆነ ብጠይቃችሁ ምናልባት አንድ ቤተ መጻሕፍት ወይም አንድ ዩኒቨርሲቲ ትሉ ይሆናል። አይደለም። የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች የምርምር ክፍል የሆነው አያርፓ ነው። ይህ ክፍል «ባቤል» ብሎ በሰየመው ፕሮግራም፣ ከ2012 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ጥቂት የተጻፈ ነገር ባላቸው የዓለም ቋንቋዎች በስልክ ንግግር ውስጥ ቃል የሚያገኝ መሣሪያ ፈጥኖ መሥራት ይቻል እንደ ሆነ አስመረመረ። ከቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ነበረ። ለዚሁ በኢትዮጵያ የሚነገረው አማርኛ 200 ሰዓት ገደማ በስልክ ተሰብስቦ በጽሑፍ ተገለበጠ፤ ክምችቱም በ2019 እ.ኤ.አ. ለተመራማሪዎች በይፋ ወጣ። ስለዚህ አንድ ተማሪ ዛሬ በዚህ ጉዳይ መመረቂያ ልጻፍ ቢል ለሌላ አሳብ በተሰበሰበ ድምፅ መጠቀሙ አይቀርም። ይህን የምናገረው ሥራውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሥራው ሥራ ነው። ነገር ግን ቃልን ከድምፅ ውስጥ የሚያወጣ መሣሪያ በመጀመሪያ ማን እንደ ፈለገውና ለምን እንደ ፈለገው ማወቅ ለመሥሪያ ቤት ሰው ይጠቅመዋል።

ከዚያ ወዲህ ጉግል በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉት ቋንቋዎች ጋር ደመረ። በ2022 ዊስፐር የሚባለው በነፃ የሚገኝ መሣሪያ ወጣ፤ 680,000 ሰዓት ድምፅ የተማረ ነው፤ ከዚህ ውስጥ የአማርኛው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ባወጡት ሰንጠረዥ ለአማርኛ የስሕተቱ ልክ ከመቶ በላይ ነበረ። ከመቶ በላይ እንዴት ሊሳሳት ይቻላል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ያልተነገሩ ቃላትን ከራሱ እየጨመረ ስለሚጽፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ አማርኛንም የሚጨምር ከ1,100 በላይ ለሆኑ ቋንቋዎች የሚሆን ሌላ መሣሪያ አወጣ፤ ትምህርቱን በአብዛኛው የወሰደው ከተነበቡ የሃይማኖት መጻሕፍት ስለ ሆነ ከንባብ ጋር እንጂ ከገበያ ጫጫታ ጋር ብዙ አልተዋወቀም።

መሣሪያው በገዛ ጉዳያችን ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ያየሁት እዚያው አቃቂ ነው። በዚያ የሚኖሩ የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት አንድ ዕድር ጠቅላላ ጉባኤውን በካሴት የመቅረጽ ልማድ ነበረው። ከዓመታት በፊት ወንዙ ሞልቶ በቤቶች ውስጥ ሲገባ የጥቂት ዓመታት ቃለ ጉባኤ የተጻፈበት መዝገብ ረጥቦ ተበላሸ፤ ካሴቶቹ ግን በቁም ሣጥን ራስ ላይ ስለ ነበሩ ተረፉ። ኋላ አንዲት እናት ባላቸው ሞቱ። ሟቹ ከመሞታቸው በፊት ሁለት ዓመት በሕመም ተኝተው የወር ገንዘብ አልከፈሉም ነበርና ከኮሚቴው ግማሹ ሙሉ የቀብር ገንዘብ አይገባም አለ፤ ግማሹ ደግሞ በሕመም የተኛ አባል ከወር ክፍያ ነፃ ነው ተብሎ በጉባኤ ተወስኗል አለ። ውሳኔው የት አለ ቢባል፣ ከመዝገቡ ጋር ወንዝ በልቶታል። በሬዲዮ እንደምሠራ ያወቁ አንድ አረጋዊ የኮሚቴ አባል መጡና «ልጄ፣ በካሴቱ ውስጥ አለ፤ እኔ በዚያ ቀን ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ አርባ ሦስት ካሴት ነው፣ ማን ይሰማዋል?» አሉኝ።

አርባ ሦስቱ ካሴቶች እያንዳንዳቸው የስድሳ ደቂቃ ነበሩ። በሁለት ማጫወቻ ዐሥራ አንድ ማታ ያህል ፈጅቶ ወደ ኮምፒውተር ገቡ፤ ይህን የሚያፋጥን ነገር የለም፣ ካሴት በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው «መዋጮ» የሚለው ቃል ይፈለግ አለ፤ ተፈለገ። መሣሪያው 61 ቦታ አመጣ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ «መውጫ» የተባለባቸው ነበሩ፤ አዳራሹ አንድ በር ብቻ ስለ ነበረው በየስብሰባው ስለ መውጫ መነጋገር አይቀርም ነበርና። መዋጮ በእውነት የተነገረባቸው ሁሉ አንድ በአንድ ተሰሙ፤ ውሳኔው ግን ከአንዳቸውም የለም። «ታመመ»፣ «በሽተኛ» ተብሎም ተፈለገ፤ የለም።

በዚህ ጊዜ ከኮሚቴው ውስጥ አልተወሰነም የሚለው ወገን ነገሩ አበቃ አለ። አረጋዊው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኛ በዚያን ጊዜ መዋጮ አንልም ነበር፤ የወር ነው የምንለው። በሽተኛም አንልም፤ ነውር ነው፤ አልጋ የያዘ ነው የምንለው» አሉ። «እንግዲያው ጋሼ፣ እርስዎ በአፍዎ ይንገሩት» ብዬ ማይክሮፎኑን ሰጠኋቸው። «አልጋ የያዘ» ብለው ሁለት ጊዜ ተናገሩ። ስድስት ቦታ መጣ። ሁለቱ ስለ ሌላ ነገር ነበሩ፤ አንዱ እንዲያውም ስለ ሆቴል አልጋ ኪራይ ነው። በአራተኛው ላይ የቀድሞው ዳኛ ድምፅ «አልጋ የያዘ አባል የወር አይጠየቅም፤ ቢሞትም ሙሉ ይሰጠዋል፤ የተቃወመ አለ?» ሲል ተሰማ፤ ከዚያም ዝምታ፣ ከዚያም ጭብጨባ።

ለእናቲቱ ገንዘቡ ተሰጣቸው። እርሳቸው ግን ውሳኔውን ሰምተው ካበቁ በኋላ ባለቤታቸው በዚያ ስብሰባ ይኖሩ እንደ ሆነ፣ ከኖሩም ድምፃቸውን መስማት ይችሉ እንደ ሆነ ጠየቁ። መሣሪያው የሚፈልገው ቃልን እንጂ ሰውን አልነበረም፤ ስለዚህ እንደ ድሮው ካሴቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ አደመጥነው። ድንኳኑ ተቀድዷል፣ ይሰፋ ብለው ሲናገሩ ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ተገኙ።

ከዚህ ሁለት ነገር ልጨምር እወዳለሁ። አንደኛው መሣሪያው ቃልን እንጂ አሳብን የማያገኝ መሆኑ ነው። መሣሪያው «አልተገኘም» ሲል «አልተነገረም» ማለት አይደለም፤ በዚህ ቃል፣ በዚህ ልክ፣ በዚህ የድምፅ ጥራት አላገኘሁም ማለት ብቻ ነው። በማኅደር ክፍል፣ በችሎት፣ በምርመራ ሥራ ላይ ያላችሁ አድማጮች ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ እንድትይዙት ያስፈልጋል፤ የሰው መብት በአንድ «የለም» ሊወድቅ ይችላልና። ተገኘ ያለውንም ቢሆን ሰው በጆሮው ሳያረጋግጥ ወደ ደብዳቤ ማስገባት አይገባም። የዚያን ዘመን አነጋገር የሚያውቅ ሽማግሌ በአጠገብ መኖሩ ከሶፍትዌሩ ያላነሰ ጥቅም አለው።

ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው። በእነዚያው ካሴቶች ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን በቁጣ የሰደበበት፣ የአንዱ የቤት ችግር በአደባባይ የተነሣበት ነገር ነበር። እስከ አሁን ማንም ሊያገኘው ስለማይችል ተደብቆ ኖረ፤ አሁን ግን ስሙን ጠርቶ ለፈለገው ሁሉ ይወጣል። ድካሙ ራሱ አጥር ነበር ማለት ነው፤ አጥሩ ፈረሰ። የዕድሩ ኮሚቴ ይህን ሲረዳ የኮምፒውተሩ ቅጂ በአንድ ቁልፍ ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ፍለጋም ከሦስት አባላት ፊት ካልሆነ እንዳይደረግ ወሰነ፤ ያለ ሕግ አማካሪ ያደረጉት ነውና አደንቃቸዋለሁ። በመንግሥት ሥራ ላለነው ግን ሕግ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በስልክም የሚደረግ ግንኙነትን ከመደፈር ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሰውን የሚያሳውቅ መረጃ ለምን እንደሚሰበሰብና ለምን እንደሚውል ወሰን አበጅቷል። በስብሰባ ላይ ድምፅ የምንቀርጽ ሁሉ ተሰብሳቢው መቀረጹን እንዲያውቅ ማድረግ፣ ቅጂውም ለቃለ ጉባኤው ከሆነ ለቃለ ጉባኤው ብቻ እንዲውል መጠበቅ አለብን።

መሣሪያውን ለመሞከር ለምትሹ አንዳንድ የሥራ ነገር ልንገራችሁ። ድምፁን ከካሴት ስታወጡ ሳይጨመቅ፣ ቢያንስ በሰከንድ 16,000 ልኬት ይውጣ፤ አንድ ጊዜ የተጨመቀ ድምፅ ኋላ አይመለስም። ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ መልሱት፤ ለብዙ ዓመት ተጠቅልሎ የኖረ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃልና። በፋይሉ ስም ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪዎቹን ስም ጻፉ። መሣሪያው የሰውና የቦታ ስም ላይ ከሁሉ ይልቅ ደካማ ነው፤ «ቃሊቲ» ሲባል «ቃል» እና ሌላ ነገር አድርጎ ሲከፍለው አይቻለሁ። ዋናውንም ካሴት ቅጂው ወጣ ብላችሁ አትጣሉት፤ ከማግኔትና ከፀሐይ አርቃችሁ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት። የዕድሩ ካሴቶች ወደ ቁም ሣጥኑ ራስ ተመልሰዋል፤ አሁን ግን በእያንዳንዳቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ሃያ ዘጠነኛው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አልጋ የያዘ፣ 41ኛ ደቂቃ» የሚል አለ።